ሆርሞን አይሰሜ፦ ስንዴን ያሳጠረው ለውጥ

ሆርሞን አይሰሜ፦ የእድገት ሆርሞን ሳይጎድለው፣ በዘረመሉ ላይ በደረሰ ለውጥ የሆርሞኑን መልእክት የማይቀበል ተክል። በእንግሊዝኛ «ሆርሞን ኢንሴንሲቲቭ ሚውታንት» ለሚባለው የቀረበ ስያሜ ሲሆን፣ «አይበገሬ» እና «አይነኬ» በተበጁበት መንገድ የተበጀ ነው።

ልዩነቱ በሁለት አጫጭር ችግኞች ላይ በግልጽ ይታያል። አንዱ አይአር8 የተባለው ሩዝ ነው፤ ሌላው ከጃፓኑ ኖሪን 10 የተገኘ ስንዴ። በሁለቱም ላይ አገዳ የሚያስረዝመው ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ይረጫል። ሩዙ ይመዘዛል፤ ስንዴው ግን እንዳጠረ ይቀራል። ሩዙን ያሳጠረው የሆርሞን እጥረት ስለሆነ ሲጨመርለት ያድጋል። ስንዴው ሆርሞኑ አልጎደለውም፤ መልእክቱ ነው የማይደርሰው።

መልእክቱ የሚቋረጠው ዴላ በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። ዴላዎች የእድገት ፍሬን ናቸው። በጤናማ ተክል ጂበሬሊን ጊድ1 ከተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ጥምረቱም ዴላን በፊተኛው ጫፉ ይይዘዋል። የተያዘው ዴላ በሴሉ ውስጥ ተበጣጥሶ ይወገዳል፤ አገዳውም ይረዝማል። በኖሪን 10 ውስጥ ግን በሁለት የዴላ ዘረመሎች ላይ በእያንዳንዳቸው አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተለውጣለች። በዚህ የተነሳ ፕሮቲኑ ፊተኛው ክፍሉ ተቆርጦ ይሠራል። ተቀባዩ የሚይዘው ስለሚያጣ ዴላው ከቦታው አይነሳም።

የዓለም እንጀራ የተለወጠው በእነዚህ ጥቃቅን ለውጦች ነው።

ረጅሙ ስንዴ ማዳበሪያ ሲያገኝ ዛላው ይከብድና አገዳው መሸከም አቅቶት ይጋሽብ ነበር፤ አጭሩ ግን ዛላውን ተሸክሞ ይቆማል። ኖሪን 10ን ጎንጂሮ ኢናዙካ በጃፓን ኢዋቴ አውራጃ አዳቅሎ አወጣው፤ ዝርያውም እ.ኤ.አ. በ1935 ተለቀቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘሩ አሜሪካ ገባ። ኦርቪል ቮገል በዋሽንግተን ግዛት አዳቀለው፤ ኖርማን ቦርላግ ደግሞ በሜክሲኮ ከአካባቢው ስንዴ ጋር አዋሐደው። ከዚያ የወጡት አጫጭር ዝርያዎች በህንድና በፓኪስታን ምርትን አበዙ፤ ቦርላግም እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመ። በአርሲና በባሌ የሚዘሩት የተሻሻሉ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎችም በአብዛኛው ከሜክሲኮው የምርምር ማዕከል ከሲሚት የዘር ግንድ ይመዘዛሉ። አጭርነቱ በየትኛው ዘረመል እንደመጣ የታወቀው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

አይሰሜነት ዋጋም ያስከፍላል። የሚያጥረው አገዳው ብቻ አይደለም፤ ቡቃያውን አፈር ጥሶ እስኪወጣ የሚጠብቀው ሽፋንም ያጥራል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ገበሬ እርጥበት ፍለጋ ዘሩን ጠለቅ አድርጎ ሲቀብረው፣ ብዙው ቡቃያ መሬት ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ አንዳንድ አዳቃዮች አርኤችቲ18 ወደተባለው ሌላ ዘረመል ዞረዋል። እሱ የሆርሞኑን መጠን ቢቀንስም የመልእክቱን መንገድ አይዘጋም፤ ስንዴው አጭር ሆኖም ሽፋኑ ረዘም ስለሚል ከጥልቅ አፈር መውጣት ይችላል።