በካይ ንጥረ ነገሮችና የባሕር ዛጎል ለበሶች የካንሰር ጂኖች

በካይ ንጥረ ነገሮች በባሕር ዛጎል ለበስ እንስሳት የካንሰር ጂኖች ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ የሥነ ሕይወትና የአካባቢ ሳይንስ የጥናት ርዕስ ነው። ጥናቱ በተለይ የሚያተኩረው ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል በሆኑት ማስል፣ ክላምና ኦይስተር በሚባሉ እንስሳት ላይ ነው። ከነዳጅ፣ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጡ ኬሚካሎች የእነዚህን እንስሳት ዲኤንኤ ሊጎዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በእንስሳቱ ላይ የሚታይ ካንሰር ሁሉ ከብክለት የመጣ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ግኝት አሳይቷል።

ለጥናት የተመረጡበት ምክንያት

ማስል ከአለት ወይም ከወደብ ምሰሶ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ክላም ደግሞ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ የሚኖሩበት ውሃ ሲበከል ሸሽተው መሄድ አይችሉም። ምግባቸውን የሚያገኙት ውሃውን በስንጥባቸው በማጣራት ሲሆን፣ አንድ አዋቂ ማስል በሰዓት አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣራ ይችላል። ዓሣ ብዙ የነዳጅ ውህዶችን በሰውነቱ ውስጥ ለውጦ ያስወግዳል። ዛጎል ለበሶች ግን ይህ ችሎታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ውህዶቹ በሥጋቸው ውስጥ ይጠራቀማሉ። በዚህ ጠባያቸው ምክንያት ዩናይትድ ስቴትስ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ዳርቻዋን ብክለት ማስልንና ኦይስተርን በመመርመር ትከታተላለች።

ዋና ዋናዎቹ ጂኖች

ከካንሰር ጋር የተያያዙ ጂኖች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዕጢ ገቺ ጂኖች ናቸው። ከእነዚህ ይበልጥ የታወቀው «ፒ53» ሲሆን፣ ፕሮቲኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የሕዋስ ዲኤንኤ ሲጎዳ ይህ ፕሮቲን ሕዋሱ መከፋፈሉን እንዲያቆም፣ ጉዳቱን እንዲጠግን ወይም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። በሰው ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ በዚህ ጂን ላይ ለውጥ ይታይባቸዋል።

ሁለተኛዎቹ ሕዋስ እንዲያድግና እንዲከፋፈል የሚያዝዙ ጂኖች ናቸው። ከነዚህ አንዱ «ራስ» ይባላል፤ ስሙ «የአይጥ ሳርኮማ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ሲሆን ከአማርኛው ቃል ጋር አይዛመድም። ይህ ጂን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ሲለወጥ የእድገት ትእዛዙ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሁለቱም ጂኖች በማስልና በክላም ውስጥ ተገኝተዋል፤ ዋና ዋና ክፍሎቻቸውም ከሰው ጂኖች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉ።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

በካዮች በሕዋስ ላይ ጉዳት የሚያደርሱት በተለያዩ መንገዶች ነው። ነዳጅ፣ እንጨት ወይም ከሰል ሲቃጠል የሚፈጠረው ቤንዞፓይሪን በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ውህድ ይሆናል። ሕዋሱ ይህን ሳይጠግን ከተከፋፈለ ስህተቱ ወደ አዲሶቹ ሕዋሳት ይተላለፋል። ካድሚየም የተባለው ብረት ደግሞ የዲኤንኤን የጥገና ሥራ ያውካል። ሌሎች በካዮች የጂኑን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ የሚመረተውን ፕሮቲን መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ተላላፊው ካንሰር

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚኖረው ለስላሳ ዛጎል ክላም ላይ የደም ካንሰርን የመሰለ ገዳይ በሽታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል። በታመሙት ሕዋሳት ውስጥ የፒ53 ፕሮቲን ሞርታሊን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ተይዞ ከሕዋሱ ኑክሊየስ ውጭ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት የመከላከል ሥራውን መሥራት አይችልም። ለበሽታው መነሻ ናቸው ተብለው ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ብክለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከኒው ዮርክ፣ ከሜይንና ከካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተሰበሰቡ ክላሞች ሲመረመሩ ግን የካንሰር ሕዋሳቱ ዘረመል ከታመመው እንስሳ ዘረመል ጋር ሳይመሳሰል ቀረ። በአንጻሩ በተለያዩ ቦታዎች የተገኙት የካንሰር ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ነበሩ። ይህም ካንሰሩ በአንድ ክላም ላይ ተነሥቶ፣ ሕዋሳቱ ራሳቸው ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲተላለፉ መኖራቸውን አመለከተ። በ2016 እ.ኤ.አ. በማስልና በሌሎች ዛጎል ለበሶችም ተመሳሳይ ተላላፊ ካንሰር መኖሩ ታወቀ። ካንሰሩ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የውጤቶቹ አተረጓጎም

ከዚህ ግኝት በኋላ በአንድ ወደብ ብዙ የታመሙ ክላሞች መገኘታቸው ብቻ ውሃው በካንሰር አምጪ ኬሚካል ለመበከሉ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በታመመ ሕዋስ ውስጥ የሚታይ የጂን ለውጥ ከብዙ ዓመት በፊት ከሞተ ሌላ እንስሳ የተወረሰ ሊሆን ይችላል። የጂኖቹ የሥራ መጠንም በወቅትና በመራቢያ ዑደት ይለዋወጣል። ስለዚህ አስተማማኝ ጥናት በሥጋው ውስጥ ያለውን የበካይ መጠን፣ በጤነኛ ሕዋሳት ላይ የደረሰውን የዲኤንኤ ጉዳትና የካንሰሩን የዘረመል ምንጭ ለየብቻ ይመረምራል።

ይህ ማለት ብክለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የዲኤንኤ ጉዳት ዕጢ ባይታይም እንኳ ውሃው ለሕያዋን ሕዋሳት አደገኛ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። በዛጎል ለበሶች ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀሙት በካዮችም ለሚመገባቸው ሰው ይተርፋሉ።