ስለ ጤና የሚነዛ የሐሰት ወሬ አጭር ታሪክ

ጤና ከሀብት ሁሉ እንደሚበልጥ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ጤናን የሚያጠፋው ተሕዋስ ብቻ አይደለም፤ የሐሰት ወሬም ያጠፋል። ዛሬ በየሰዓቱ በእጅ ስልክ የሚደርሰን የመድኃኒትና የክትባት ወሬ አዲስ ነገር ይመስለናል። ታሪክን ለሚመረምር ግን ጠባዩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ይህንንም በሁለት ታሪኮች ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈንጣጣ ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ ሦስቱን ያህል የሚገድል፣ የተረፉትንም መልክ የሚያበላሽና ዓይን የሚያጠፋ ክፉ በሽታ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ የላም ፈንጣጣ የያዛቸው አላቢዎች በሰው ፈንጣጣ አይያዙም ሲባል ሰምቶ፣ በ1796 ዓ.ም. ከአንዲት አላቢ እጅ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። በኋላም ልጁን በፈንጣጣ ቢሞክረው ሳይታመም ቀረ። ጄነርም በሌሎች ሰዎች ላይ ያየውን ጨምሮ በ1798 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው።

ወዲያውም ተቃውሞ ተነሣ። በ1802 ዓ.ም. ጄምስ ጊልሬይ የተባለ ሠዓሊ፣ ከተከተቡ ሰዎች አካል ላሞች ሲበቅሉ የሚያሳይ የቀልድ ሥዕል አሳተመ። በ1805 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ሮውሊ የተባለ ሐኪም፣ በክትባት ምክንያት ፊቱ ወደ በሬ ፊት ተለወጠ ያለውን ልጅ ሥዕል በጽሑፉ ውስጥ አወጣ። የፊተኛው ቀልድ ነበር፤ የኋለኛው ግን የሐኪም ስም ይዞ ስለ ወጣ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ጄነር አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ማለቱ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከክንድ ወደ ክንድ በሚደረገው ክትባትም ቂጥኝ የተላለፈበት ጊዜ ነበር። እነዚህ ጉድለቶች ግን በምርመራ ታውቀው ታረሙ፤ ክትባቱን መድገምና ከጥጃ የሚገኝ ፈሳሽ መጠቀም ተለመደ። የሐሰት ወሬ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ጥቂት እውነት ሲቀላቀልበት ነው።

በአገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በተጀመረበት በ1971 ዓ.ም. ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1976 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አስታወቀ። ከተከተበው የዓለም ሕዝብ መካከል የበሬ ፊት ያወጣ አንድም ሰው የለም።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ጊዜ ነው። በ1998 ዓ.ም. አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በላንሴት መጽሔት ላይ የ12 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ፣ የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ሳይኖረው አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አስነሣ። ወሬው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተስፋፋ። በእንግሊዝ አገር የሚከተቡት ሕፃናት ቍጥር ከመቶ ወደ 80 ገደማ ወረደ፤ ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። በ2002 ዓ.ም. በዴንማርክ ከ537 ሺህ በላይ ልጆች መዝገብ ተመርምሮ፣ ኦቲዝም በተከተቡት ላይ ካልተከተቡት ይልቅ እንዳልበዛ ታወቀ። መጽሔቱ ጽሑፉን የሰረዘው ግን በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የጸሐፊው ስም ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ ኩፍኝ ግን እስኪነጋ አይጠብቅም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ስለ ጤና የሚነገር ነገር ሲደርሰን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን ያለው ማን ነው? ስንት ሰው መርምሮ ነው? ሌሎች ሊቃውንትስ መርምረው ምን አገኙ? የ12 ልጆች ምስክርነትና የ537 ሺህ ልጆች ምስክርነት እኩል አይደለም። መልሱን ካላገኘን የሳይንስ መምህራችንን ወይም የጤና ጣቢያ ሠራተኛ እንጠይቅ፤ እስከዚያው ድረስ ወሬውን ለሌላ አናስተላልፍ። በብዙ ቤት በስልክ የመጣውን ጽሑፍ ለእናትና ለአባት የሚያነብላቸው ተማሪው ልጃቸው ነው። ታናናሾቻችን መከተብ አለመከተባቸው እኛ በምናነበው ቃል ሊወሰን ይችላልና፣ ከማንበባችን በፊት እንመርምር።