ያረጀ የልብ ቫልቭ ታሪክና ሕክምናው



የዕድር ሥራ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ነው ይባላል። ዘንድሮ ግን ስለ መኖር ጥቂት ብንጽፍ ይሻላል ብለናል። ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው በሽታ በአገራችን ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ቫልቭ ያስቀየሩም አሉ። ታዲያ የተተካው ሲያረጅስ ምን ይደረጋል? ታሪኩን እንይ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት ሲሄድ የሚከፈት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ የልብ በር ነው። በ1958 ሎዌል ኤድዋርድስ የተባሉ የ60 ዓመት ጡረተኛ መሐንዲስ፣ በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ወደ ወጣቱ ሐኪም ወደ አልበርት ስታር ዘንድ ሄደው ሰው ሠራሽ ልብ እንሥራ አሏቸው። ሐኪሙም በቫልቭ እንጀምር ብለው መለሱ። በ1960 በሽቦ ቀፎ ውስጥ ኳስ ያለበት ቫልቭ ሠርተው በበሽተኛ ልብ ተከሉ። እኛ ጡረተኞች ይኸን ስናነብ ደስ ብሎናል!

እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ዳሩ ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ መድኃኒት መዋጥ ግድ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ካርፓንቲዬ በ1960ዎቹ የአሳማ ቫልቭ በኬሚካል አዘጋጅተው ለሰው እንዲሆን አደረጉ። ይህኛው መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ ለዘለቄታው አይፈልግም። ነገር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይደርቃል ወይም ይቀደዳል፤ በወጣት ላይማ ፈጥኖ ያረጃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደረት ሁለተኛ ሲከፈት ልቡ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ በሽተኛውም አርጅቷል፣ ምናልባትም ኩላሊቱ ወይም ሳንባው ደክሟል። ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው ለመቅደድ ይፈሩ ነበር።

በ2002 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ አላን ክሪቢዬ ደረት ሳይከፍቱ፣ በታፋ የደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ ቫልቭ አደረሱ። በ2007 ደግሞ በዚሁ መንገድ አዲሱ ቫልቭ ባረጀው ውስጥ እንደ ተዘረጋ በሕክምና መጽሔት ወጣ። የአሮጌው ቀለበት ለአዲሱ መቃን ሆነለት ማለት ነው። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት፣ እንደገና መቀደድ ለሚያሰጋቸው ሰዎች ይህን ሕክምና ፈቀደ።

ለሁሉም ግን አይሆንም። አሮጌው ጠባብ ከሆነ አዲሱ ይበልጥ ያጠበዋል፤ በብረት ቫልቭ ውስጥም አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአሮጌውን ዓይነትና ቁጥር ነው።

እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች አደራ የምንለው ይኸንኑ ነው፦ ቫልቭ ያስቀየራችሁ፣ ሆስፒታሉ የሰጣችሁን ካርድ ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አኑሩ፤ ቤተሰብም ቦታውን ይወቅ። ትንፋሽ ሲያጥር ወይም እግር ሲያብጥ እርጅና ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ቶሎ ታዩ። የልጆችንም የጉሮሮ ሕመም አትናቁ፤ በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ይህ ሁሉ ጣጣ ሊቀር ይችላል።

ጤና ይስጠን።