የጣና ዳር ነገደ ወይጦ ከወዴት መጡ?

በጣና ዳር የሚኖሩት፣ በደንገል ታንኳና በወፍጮ ድንጋይ ሥራቸው የታወቁት፣ ነገደ ወይጦ የሚባሉት ሰዎች አመጣጣቸው ከወዴት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ ኖሯል። ጥያቄው በዚህ አገር የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በጎጃም ርስት የሚገኘው ትውልድን እስከ አቅኚው አባት በመቍጠር ስለ ነበረ፣ «አባትህ ከወዴት መጣ» ማለት «በማን መሬት ላይ ትኖራለህ» ማለት ነበር። ወይጦዎች በሐይቁ ጠርዝ ይኖሩ ነበር እንጂ ርስት አልነበራቸውም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን እንደ ገና ለመመርመር አስበናል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በራሳቸው በወይጦዎች ዘንድ የሚነገረው ትውፊት፣ አባቶቻቸው ዐባይን ተከትለው ከግብፅ እንደ መጡ ይናገራል። ይህንን የሚደግፉ ሰዎች ታንኳውን ያስረዳሉ፤ በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣለው የደንገል ጀልባ በእርግጥ የጣናን ታንኳ ይመስላል። ነገር ግን መምሰል ዝምድናን ያስረዳልን? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና፣ ሠሪዎቹን ያስመጣው ደግሞ ከቻድ ሐይቅ ነበር። ያች ጀልባ በአትላንቲክ ላይ ተበላሸች። በ1970 ሁለተኛዋን የሠሩለት በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው፤ እርሷም ባርባዶስ ደረሰች። ሰውዬው ጕዞው የሚቻል መሆኑን አሳይቷል፤ የሚቻል መሆኑና የተደረገ መሆኑ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላ ነው፦ እርስ በርሳቸው ተያይተው የማያውቁ የሦስት ሐይቅ ሰዎች በአጠገባቸው ከበቀለው ሣር ጀልባ ማሰር ችለዋል። ስለዚህ ታንኳው ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ወይጦዎችን ከጎረቤቶቻቸው የለያቸው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ቅርብ ነው፤ ይኸውም የጉማሬ ሥጋ ነው። ጉማሬ ስለማያመሰኳ ክርስቲያኑ በኦሪት ሕግ ይጸየፈዋል። እነርሱ እስላሞች ነን ቢሉም፣ ሌላው እስላም በዚሁ ምክንያት ከእነርሱ ሲሸሽ ኖሯል። አብሮ ያልበላ አብሮ አይጋባም፤ አብሮ ያልተጋባም ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሌላ ዘር ይባላል። (የጉማሬውን ቆዳ ለአለንጋ ለመግዛት የተጸየፈ ግን አልነበረም።)

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ በ2015 የታተመ አንድ የዘረ መል ጥናት እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ሕዝብ መካከል የሚኖሩት አንጥረኞች ከገበሬው ተለይተው ይታያሉ፤ አንዳንድ ሊቃውንትም የቀድሞ ሕዝብ ቅሪት ናቸው፣ ሌሎችም ከውጭ የመጡ ናቸው ይሉ ነበር። ጥናቱ ግን ሁለቱም ወገኖች ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፣ ልዩነቱም አንጥረኞቹ በጋብቻ ከመገለላቸው የመጣ መሆኑን አመለከተ።

«ማን መጣ፣ ማንስ ቀድሞ ነበረ» የሚለው ክርክር እጅግ የበረታው በህንድ አገር ነው። ዊልያም ጆንስ በ1786 በካልካታ ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋር ከአንድ ምንጭ የወጣ መሆኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ብዙዎች የቋንቋን ዝምድና የደም ዝምድና አድርገው ወሰዱት፤ ከፍተኛው ካስት የመጤዎች ልጅ፣ ዝቅተኛው የነባሮች ልጅ ነው ተባለ። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ ከ4200 እስከ 1900 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን በዚያ አገር የማይደባለቅ ወገን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዝቅተኛ የሚባሉትም ሆኑ ራቅ ብለው የሚኖሩት ሁሉ ተደባልቀዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጋብቻው በየካስቱ የተዘጋው። እንግዲህ አጥሩ ከፍልሰቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። ለወይጦዎች ባዕድነት የሚቀርበው ትልቁ ማስረጃ የጠፋው ቋንቋቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ በዚህ አገር ሳለ፣ ቋንቋቸው ከሌላው ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው ብሎ ጽፏል። ይሁን እንጂ ራሱ አልሰማውም። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች ቢያስመጣ፣ እንሰቅላችኋለን ተብለው ቢያስፈራሯቸውም እንኳ አልመለሱለትም። በንጉሥ ፊት ገመድ የታየው ሰው ዝም ቢል ዝምታው የቋንቋ ማስረጃ አይሆንም፤ እኛ ብንሆንም ዝም ባልን ነበር።

በ1907 ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ማርሴል ኮሄንም በ1939 እንደ ገለጸው፣ አማርኛቸው ባዕድ እንዳይገባው ድምፁ ወይም ትርጕሙ የተለወጠ ቃል፣ ብዙ የዐረብኛ ቃል፣ ጥቂትም የኩሽ ቃል ያለበት ነው። ቋንቋን መለወጥ ደግሞ የእነርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ዛሬ አማርኛ ከሚናገረው ገበሬ ብዙው አያቶቹ አገውኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ እርሱን ግን መጤ የሚለው የለም፤ ርስት ቈጥሯል፣ ከጎረቤቱም ጋር በልቷል፣ ተጋብቷል።

በ1928 በዚህ ያለፈው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋቸው ሲዘፍን ሰምቷል። ዘፋኙ ራሱ የሚለውን አያውቀውም ነበር፤ የሚያውቀው የጉማሬ ብልቶችን ስም ብቻ ነበር፤ እነዚያ ቃላት ገና ይሠሩባቸው ስለ ነበር አልጠፉም። ግሪዮል ዘፈኑን በጽሑፍ አላስቀረልንም።