የክሬዲት ካርድ ዕዳ ማዛወር

ከፍተኛ ወለድ የሚታሰብበትን የካርድ ዕዳ፣ ለተወሰነ ጊዜ ዝቅተኛ ወይም ዜሮ ወለድ ወደሚያስከፍል የሌላ ባንክ ካርድ የማሻገር አሠራር ነው። በአሜሪካ የተለመደ ሲሆን፣ የእፎይታው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግም ከ6 ወር እንዳያንስ ያዛል። ማዛወሪያው በአብዛኛው የዕዳውን ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። ዝውውሩ ዕዳን አይሰርዝም፤ ፋታ ግን ይሰጣል። በዓመት 24 በመቶ የሚታሰብበት 5,000 ዶላር በመጀመሪያው ወር ብቻ 100 ዶላር ገደማ ይወልዳል። 3 በመቶ ተከፍሎበት ወደ ዜሮ ወለድ ካርድ ቢዛወር 5,150 ይሆናል፤ በወር 344 ዶላር ሲከፈልም በ15 ወር ያልቃል። ይኸው ክፍያ ለአሮጌው ካርድ ቢውል 18 ወር ይፈጃል፤ ወለዱም ከ900 ዶላር ያልፋል።

«ዕዳን ከኪስ ወደ ኪስ ማዘዋወር ነው» የሚለው ተቃውሞ መሠረት አለው፤ ነጻ በወጣው ካርድ ሸመታ ከተጀመረ አንዱ ዕዳ ሁለት ይሆናል። 60 ቀን የዘገየ ክፍያም እፎይታውን ሊያሳጣ ይችላል። ጉድለቱ ግን የአጠቃቀም እንጂ የስሌቱ አይደለም። ስለዚህ ከማዛወር በፊት ዕዳውን ለእፎይታው ወራት አካፍሎ፣ ድርሻውን በየወሩ መክፈል መቻልን ማረጋገጥ ይገባል።