የ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ሰርኪዩት ቦርድ የድምፅ መጥፋት

«ስፔስ ኢንቬደርስ» የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ ያቀረበው፣ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የነደፈው፣ ተጫዋቹ ወራሪዎችን እየተኮሰ የሚጫወተው፣ በሳንቲም የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ አምርቶታል። በዚህ ማሽን ላይ ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች አንዱ ምስሉና ጨዋታው ሳይጓደሉ ድምፁ ብቻ በሙሉ ወይም በከፊል መጥፋቱ ሲሆን፣ መንስኤው የሚገኘውም በአብዛኛው የጠፋው የትኛው ድምፅ እንደሆነ አስቀድሞ በመለየት ነው።

የቦርዱ አሠራር

ጨዋታውን የሚያካሂደው ኢንቴል 8080 የተባለ ማይክሮፕሮሰሰር ሲሆን፣ ፍጥነቱ 2 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ድምፅ አይፈጥርም፤ ሥራው በሁለት መውጫ በሮች፣ ማለትም በ3ኛውና በ5ኛው በር በኩል፣ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያስነሳውን ቢት (የአንድ ወይም የዜሮ ምልክት) ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። በ3ኛው በር የሚታዘዙት የሚስጥራዊዋ በራሪ መርከብ ድምፅ፣ ተኩስ፣ የተጫዋቹ መመታት፣ የወራሪው መመታትና የተጨማሪ ዕድል ምልክት ሲሆኑ፣ በ5ኛው በር ደግሞ አራቱ የወራሪዎች የእርምጃ ድምፆችና የበራሪዋ መርከብ መመታት ይታዘዛሉ። ከእነዚህ ትእዛዞች በኋላ ያለው ሥራ በሬዚስተሮች፣ በካፓሲተሮች፣ በትራንዚስተሮችና በኦፕሬሽናል አምፕሊፋየሮች የተገነቡ የአናሎግ ሰርኪዩቶች ድርሻ ነው። የበራሪዋ መርከብ ድምፅ ብቻ ኤስኤን76477 ከተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ይመነጫል።

ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫ መሆኑ ሊተኮርበት የሚገባ ነጥብ ነው። ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ካስተላለፈ በኋላ ድምፁ መሰማት አለመሰማቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሌለው፣ የድምፁ ክፍል በሙሉ ቢነቀል እንኳ ጨዋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል፤ በስክሪኑም ላይ የስህተት መልእክት አይወጣም።

ስለ ድምፁ ቀዳሚነት

የወራሪዎቹ የአራት ኖታ እርምጃ በቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ሳያቋርጥ የተሰማ የመጀመሪያው የጀርባ ሙዚቃ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይገለጻል፤ ሆኖም አባባሉ ሙዚቃ በሚለው ቃል ላይ በሚሰጠው ወሰን የሚወሰን ይመስላል። ዜማ ያስፈልጋል የሚሉ ወገኖች ቀዳሚነቱን ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ላወጣው «ራሊ-ኤክስ» ሲሰጡ፣ በጨዋታው ሂደት የሚለዋወጥ ተደጋጋሚ ድምፅ ይበቃል የሚሉት ግን «ስፔስ ኢንቬደርስን» ያስቀድማሉ። ሁለተኛው አመለካከት ይበልጥ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ምክንያቱም ይህ እርምጃ ተጫዋቹ የደረሰበትን ሁኔታ በጆሮው የሚያውቅበት የጨዋታው አካል ነው።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ በብዙ ጽሑፎች የሚምታታ አንድ ጉዳይ አለ። ወራሪዎቹ እየቀነሱ ሲሄዱ የሚፈጥኑት ፕሮግራሙ በአንድ የስክሪን ዑደት፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ 60ኛ ክፍልፋይ ገደማ፣ ከ55ቱ ወራሪዎች አንዱን ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ተራው ለእያንዳንዱ ቶሎ ይደርሳል። የድምፁ መፍጠን ግን የዚህ ውጤት ሳይሆን፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ከቀሪ ወራሪዎች ብዛት ጋር የተዛመደ የጊዜ ሠንጠረዥ ተቀምጦለት የሚሠራ ነው። ስለዚህ እርምጃው በድምፅ ቢጠፋም ወራሪዎቹ መፍጠናቸውን አይተዉም፤ ተጫዋቹ ግን ግማሹን ማስጠንቀቂያ ያጣል።

ብልሽት ያልሆነ ዝምታ

በ3ኛው በር አምፕሊፋየሩን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ራሱን የቻለ ቢት አለ። ይህ ቢት ሳንቲም ገብቶ ጨዋታ ሲጀመር ይበራል፤ ማሽኑ ተጫዋች በማይኖርበት ጊዜ ራሱን በሚያሳይበት ሂደት ግን ጠፍቶ ይቆያል። በመሆኑም በማሳያው ጊዜ ድምፅ አለመሰማቱ የአሠራሩ አካል ስለሆነ፣ ጨዋታ ሳይጀመር «ድምፅ የለውም» ብሎ ቦርዱን መፍታት ያልነበረ ብልሽት ሊጨምርበት ይችላል።

ሁሉም ድምፅ ሲጠፋ

ድምፆቹ የተለያየ ምንጭ ስላላቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሚጋሩት መንገድ ላይ፣ ማለትም በፓወር ሰፕላይ፣ በአምፕሊፋየር፣ በቮሊዩም መቆጣጠሪያ፣ በሽቦ ወይም በስፒከር ነው። ምርመራው ከስፒከሩ ቢጀመር ይመረጣል፤ ስፒከሩ ከሽቦው ተላቆ በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ሲነካ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ካሰማ ጤናማ ነው። ቀጥሎ የሚፈተሸው የቮሊዩም መቆጣጠሪያው ሲሆን፣ ለዓመታት ያልተነካ መቆጣጠሪያ ውስጡ ስለሚዝግ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል።

የኃይል ምርመራ የሚጠይቀው ማመዛዘን ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። 8080 ለመሥራት የ+5፣ የ−5 እና የ+12 ቮልት ኃይል ስለሚያስፈልገው፣ ጨዋታው መንቀሳቀሱ ሦስቱም ወደ ፕሮሰሰሩ መድረሳቸውን ያሳያል፤ ወደ ድምፁ ክፍል መድረሳቸውን ግን አያረጋግጥም፤ በመካከል ያለ የዛገ ማገናኛ ወይም የተሰነጠቀ የቆርቆሮ ብየዳ መስመሩን ሊያቋርጠው ይችላልና። ስለዚህ ቮልቴጁ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን በድምፁ ክፍል ላይ መለካት ይኖርበታል። ኃይሉ ካልጎደለ፣ አምፕሊፋየሩን የሚከፍተው ቢት ጨዋታ ሲጀመር መለወጡ በሎጂክ ፕሮብ (የዲጂታል ምልክትን ከፍታና ዝቅታ በሚያሳይ መመርመሪያ) ይታያል። ቢቱ እየተለወጠ ድምፅ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ አምፕሊፋየሩና በዙሪያው ወዳሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ይዞራል፤ እነዚህ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ ድምፁን ያሳንሳሉ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ያስቀሩታል።

አንድ ድምፅ ብቻ ሲጠፋ

በዚህ ጊዜ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ከጥርጣሬ ነጻ ስለሚሆኑ ፍለጋው ከመውጫ በሩ ጀምሮ ድምፆቹ እስከሚቀላቀሉበት ነጥብ ባለው መስመር ይወሰናል። የጠፋው ድምፅ ቢት በፕሮብ ካልታየ ብልሽቱ ትእዛዙን ይዞ በሚያቆየው የላች ቺፕ ወይም በሽቦው ላይ ሲሆን፣ ከታየ ደግሞ በአናሎግ ሰርኪዩቱ ውስጥ ነው። አራቱ የእርምጃ ቢቶች ልዩ ልዩ ሬዚስተሮችን ከአንድ የጋራ ኦሲሌተር (ተደጋጋሚ ሞገድ ከሚያመነጭ ሰርኪዩት) ጋር በማገናኘት የኖታውን ከፍታ ስለሚወስኑ፣ አንዱ ኖታ ብቻ ሲዛባ የራሱ ሬዚስተር ወይም ቢት፣ አራቱም ሲጠፉ ግን ኦሲሌተሩ ይጠረጠራል።

የበራሪዋ መርከብ ድምፅ ከጠፋ የሚመረመረው ባለ 28 እግሩ ኤስኤን76477 ነው። በ15ኛው እግር 5 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት፤ 9ኛው እግር ከፍ ባለ ቮልቴጅ ሲቆይ ቺፑን ዝም ስለሚያሰኝ መርከቧ ስትታይ ወደ ዝቅተኛ መለወጥ ይኖርበታል፤ ሁለቱ ተሟልተው በ13ኛው እግር የድምፅ ሲግናል ካልወጣ በአካባቢው ያሉ የጊዜ ካፓሲተሮች ተፈትሸው፣ ከዚያ በኋላ ቺፑ መቀየሩ ይታሰባል።

ጥንቃቄ

የስክሪኑ ቱቦ ማሽኑ ከጠፋም በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ስለሚችል፣ ድምፁ ሲመረመር ቱቦውን መንካት አይገባም።

ምትክ ክፍሎች

ኤምኤኤምኢ የተባለው የአርኬድ ማሽኖችን አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ለዚህ ጨዋታ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው ከማሽን በተቀዱ ድምፆች ነው። ይህም የሆነው የእያንዳንዱ ድምፅ ጠባይ በጨዋታው ፕሮግራም ውስጥ ሳይሆን በሬዚስተሮቹና በካፓሲተሮቹ ዋጋ ላይ ስለተቀመጠ ነው፤ በዚሁ ምክንያት «የተጠጋ ይበቃል» በሚል የገባ ክፍል ማሽኑን ቢያናግረውም የቀድሞውን ድምፅ አይመልስለትም። ስለዚህ ጠጋኙ የነባሩን ክፍል ዋጋና የአቀማመጡን አቅጣጫ ሳይመዘግብ አንዱንም ሊነቅል አይገባም።