ድልድይ የሌላቸው መሻገሪያዎች፦ የባሌ መልካዎች

የአገራችን ድልድዮች ታሪክ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ዓባይ ያመራል። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ ተሠርቷል። ከሞጣ በታች ያለው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ በመፍረሱ ስሙ ራሱ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ሚዛን ባሌ ባዶ እጁን ነው፤ ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርዱት ወንዞች ላይ ከእነዚህ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራ የድንጋይ ቅስት የለም። ሚዛኑ ግን ልክ አይደለም። የመሻገር ታሪክ ኖራ ባለበት ብቻ የሚፈለግ ከሆነ የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ታሪክ አልባ ሊሆን ነው። ባሌ ውስጥ የድልድይን ሥራ ሲሠራ የኖረው መልካ ነው።

መልካ በአፋን ኦሮሞ ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ ነው። ውኃው ሳሳ የሚልበት፣ ዳርቻው ለሰውና ለከብት የሚመች፣ መንገድ ከሁለቱም ወገን የሚወርድበት። በአዋሽ ላይ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ በዋቤ ሸበሌ ላይ መልካ ዋከና። በመልካ ዋከና እ.ኤ.አ. በ1988 የማመንጨት አቅሙ 153 ሜጋ ዋት የሆነ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል፤ ግድቡ ስሙን የወሰደው ከመሻገሪያው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የኦሮሞ የምስጋና በዓል፣ ኢሬቻ ነው። የመስከረሙ ኢሬቻ «ኢሬቻ መልካ» ይባላል። ክረምቱን ወንዝ ሞልቶ ዘመድን ከዘመድ ለይቶ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲያባራና ውኃው ሲጎድል ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ዳር ይወርዳል፣ ያመሰግናል፣ ይገናኛል። የዓመቱ ትልቅ ምስጋና መሻገር እንደገና ከሚቻልበት ወቅት ጋር መያያዙ፣ መሻገሪያው በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ይናገራል። በአማርኛም «የወንዜ ልጅ» ስንል ወንዙን የምንቆጥረው ከሚለየን ይልቅ ከሚያዛምደን ወገን ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ጉዞ ነው። በምሥራቅ ባሌ ወደሚገኘው የእስልምና ቅዱስ ስፍራ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን፣ ምዕመናን ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ በትር ይዘው ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ሲጓዙ ኖረዋል። ከሐረርጌ የሚመጣው ዋቤ ሸበሌን መሻገር ግድ ይለዋል። ዝያራው፣ ማለትም የቅዱስ ስፍራው ጉብኝት፣ የሚከበረው በጨረቃ አቆጣጠር በመሆኑ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስለዚህ አንዳንድ ዘመን ከበጋ፣ አንዳንድ ዘመን ከዝናብ ጋር ይገጥማል። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ የትኛው መልካ በየትኛው ወር እንደሚያሻግር ማወቅ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም እንጂ።

ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሶፍ ዑመር ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ ይወስደዋል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ እዚያ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ ከምድር ሥር ያልፋል፤ ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መረብ ነው። ወንዙ ከታች ሲፈስ ምድሩ ከላይ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ወንዝ ራሱ የሠራው ድልድይ ማለት ይህ ነው። አንድ አንባቢ «ሠሪ የሌለው ድንጋይ እንዴት ድልድይ ይባላል?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ቦታን የታሪክ ቦታ የሚያደርገው ሰው የሰጠው ትርጉም ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው መጠጊያ አድርገውት እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሼክ ሶፍ ዑመር ነው፤ እስከ ዛሬም የዝያራ ስፍራ ነው። ውስጡን ለማለፍ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ያስፈልጋል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ መግባት አይቻልም። እዚያም የመልካው ሕግ ይሠራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መልካ በክረምት ሰው ይበላል፣ ነፍሰ ጡርን ከጤና ጣቢያ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ያግዳል፤ ስለ ጥንቱ መሻገሪያ ማውራት ለድህነት መዘመር አይሆንም ወይ? አይሆንም። የባሌ ገጠር የእግረኛ ድልድይ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። እንዲያውም መልካዎቹን የሚያውቅ ሽማግሌ ድልድዩ የት ቢሠራ እንደሚጠቅም ለመሐንዲሱ ሊነግር ይችላል፤ ገበያው፣ የከብት ማጠጫውና የምስጋናው ቦታ ቀድሞውኑ እዚያ ነውና። የሚያሳስበው ኮንክሪቱ ሲፈስ ስሙ መጥፋቱ ነው። ሶፍ ዑመር ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትንንሾቹ መልካዎች ግን የሰፈሩት በሰው አፍ ላይ ብቻ ነው። የባሌ ዞኖች የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእያንዳንዱን መልካ ስም፣ ማን ከየት ወደ የት ይሻገርበት እንደነበር ከአዛውንቱ አንደበት ይጻፉ፤ አዲስ ድልድይ ሲመረቅም በግንቡ ላይ የመልካው ስም ይቀረጽ።